በወንበር እግር ተከልዬ የተወዳደርኩበት ዓመት

ስሜ ትዕግሥት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች እናቴ ስሙን ያወጣችልኝ ጠባዬን ሳታይ ነው እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ይህን ገጠመኜን እንደተናደድኩ ብጽፈው አትፍረዱብኝ። ንዴቱ እስኪበርድልኝ ብዬ ብዙ ጠበቅኩ፤ አልበረደም። እንዲያውም ባሰበት።

ነገሩ የደረሰብኝ መካኒሳ አቦ ከእናቴ ጋር ስኖር ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። ሥራዬ ሾፌርነት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የትምህርት ቤት ሰርቪስ እነዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱን ከየበራቸው እያነሣሁ፣ ሲጣሉ እየገላገልኩ፣ የተረሳ ምሳ ዕቃ እየሰበሰብኩ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለው ትምህርት ቤታቸው አደርሳቸዋለሁ። ወላጆቻቸው ስለ እኔ ብዙም አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትዕግሥት ስትነዳ ልጅ አይጎዳም። እንጀራዬ ያቺ እምነት ነች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ሊቀሙኝ የፈለጉት እሷን ነው።

እሑድ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሰው እሆናለሁ። የመኪና እሽቅድምድም እወዳደር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ እየገባ፣ ከወንዶች ጋር። ለዚህ ያበቁኝ ጋሽ ታደለ ናቸው። መካኒሳ መንገድ ዳር ትልቅ ጋራዥ አላቸው። ዕድሩ ውስጥ ቃላቸው ይሰማል፤ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለችግረኛ መዋጮ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የክርስትና እናቴ ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ መሪ አስጨብጠው መንዳት ያስተማሩኝ ጋሽ ታደለ ስለሆኑ፣ «ልጄ» ሲሉኝ ልጃቸው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የቡድናችን መኪና ሽሮ ትባላለች። ቀለሟ ሽሮ ስለሚመስል ተመልካቹ ያወጣላት ስም ነው። አሮጌ ነች፤ ጋራዥ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ተረባርበው፣ አንዱ ሞተሯን፣ አንዱ ፍሬኗን ሠርተው ያቆሟት። ውስጧን ሙሉ በሙሉ አራቁተን አንድ ነገር ብቻ ጨመርንባት፤ ቀፎ። ቀፎ የምንለው መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው ሾፌሩ ላይ እንዳይወርድ ከውስጥ የሚበየደውን የብረት ቱቦ ነው። በበሩ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ከራስ በላይ ጎብጦ በሌላው በኩል ይወርዳል። ብረቱ ወፍራም መሆን እንዳለበት በውድድሩ ደንብ ላይ ተጽፏል። የእኛን የበየደው ማቴዎስ ነው፤ ከሆሳዕና የመጣ፣ ሲሠራ መዝሙር የሚያንጎራጉር፣ ሲጨርስ ብየዳውን በመዶሻ ሳይቀጠቅጥ የማይለቅ በያጅ።

ያን ዓመት ግን ሽሮ አሳፈረችን። ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ ከኋላ ነን። አንዴ ጎማ ይፈነዳል፣ አንዴ ሞተሯ ይግላል፣ ምንም ሳትሆን ስትውል ደግሞ እንዲሁ ትቀደማለች። ተመልካቹ «ሽሮ አረረች!» እያለ ይጨፍርብናል። የጎማ ነጋዴው ደጋፊያችን ስልክ ማንሣት አቆመ። ጋሽ ታደለ ነገሩን እንደ ግል ውርደት ቆጠሩት። ለቅሶ ቤት እንኳን ሲሄዱ ሰው «ሽሮስ እንዴት ነች?» እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

እኔ በየውድድሩ መነሻ ላይ አንድ ልማድ ነበረኝ። ባንዲራው ከመውረዱ በፊት የቤቴን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ፣ በግራዬ በኩል ባለው የቀፎው ብረት ላይ ትንሽ መስቀል እጭርበታለሁ። አንድ ውድድር፣ አንድ መስቀል። ብንሸነፍም በሰላም ወጥቼ እገባለሁ ማለቴ ነው። መስቀሎቹ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው፣ አንገቴን ዘንበል ሳደርግ አጠገቤ ይታዩኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ልምምድ ስንጀምር መስቀሎቹ የሉም። ቀፎው አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

«ጋሼ፣ መስቀሎቼስ?» አልኳቸው።

«ዝጎ ነበር፣ አስፍቀን ቀባነው። አዲስ መስቀል ጫሪያ! አሮጌው መች ጠቀመን?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሽሮ ግን ተለወጠች። ከኩርባ ስትወጣ ቀለል ትላለች፣ ፍሬን ስይዝ ቶሎ ትሰማለች። ምን እንዳደረጓት ስጠይቃቸው «ክብደቷን ቀነስንላት፤ ትርፍራፊውን ሁሉ አወጣን» አሉኝ። ከጭራ ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ፊት መጣን። ተመልካቹ «ሽሮ በሰለች!» ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ በራሴ መንዳት ኮራሁ።

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ሰኔ ላይ ነበር። ዝናብ ጥሎ አድሮ መሬቱ ያንሸራትታል። መስቀሌን ጫርኩ፣ ተነሣን፣ ከግማሹ በኋላ አንደኛ ነበርኩ። ሕይወቴን ሙሉ ያላየሁትን ነገር አየሁ፤ ከፊቴ ባዶ መንገድ። ወደ መጨረሻው ኩርባ ስገባ የኋላ ጎማዎቹ ሸሹ። ሽሮ በጎኗ ተንሸራትታ የአፈር ቁልሉ ላይ ወጣች፣ ትንሽ ቆም ያለች መሰለኝ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተገለበጠች። ቀስ ብላ ያልኩት አውቄ ነው። እንዲህ ያለ አወዳደቅ ሜዳው ላይ ስንቴ አይተናል! ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ ሱሪውን አራግፎ ይስቃል።

በግራዬ በኩል ያለው ብረት ግን ታጠፈ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ የጣሳ ድምፅ ነው። ጣሪያው ትከሻዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። መጮህ ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ።

ተመልካቹ አጥሩን ዘሎ መጣ። ሽሮን ተሸክመው አቃኗት፤ እኔን በመስኮት አወጡኝ። ሣሩ ላይ ተጋድሜ ሳለ የውድድሩ ቴክኒክ ተቆጣጣሪ አቶ ሳምሶን በሩ ላይ አጎንብሶ አየሁት። ረጅም፣ መነጽራም፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ብረቱ የተቀደደበትን ቦታ በጣቱ ነካ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ነካ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ። «ይሄ'ኮ ቱቦላሬ ነው! ለወንበር እግር የሚሆን ስስ ቱቦላሬ! ሰው የምታስቀምጡት እዚህ ውስጥ ነው?»

ጋሽ ታደለ ከአጠገቤ ተንበርክከው ነበር። «ልጅቷ ትዳን መጀመሪያ! ስለ ብረት በኋላ እናወራለን!» ብለው ጮኹበት። በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ወደድኳቸው። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

የግራ ትከሻዬ አጥንት ከሁለት ቦታ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኛሁ። ሐኪሙ ጣሪያው ትንሽ ወደ ቀኝ ቢወርድ ኖሮ አንገቴ እንደነበር ነገረኝ፤ እንዲሁ በቀላሉ፣ የመድኃኒት ሰዓት እንደሚነግር ሰው። እትዬ አስካለ አጥሚት ይዘው መጥተው አለቀሱ። ጋሽ ታደለ አልመጡም። ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኩ።

በማግሥቱ ማቴዎስ መጣ። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አይገባም።

«እህቴ፣ እኔ አላደረግኩትም። ጌታ ያውቃል» አለ።

«ምኑን?»

«ቱቦላሬውን የበየድኩት እኔ ነኝ። ግን ጋሽ ታደለ ለልክ ነው አለኝ። አዲስ ወፍራም ብረት እስኪመጣ ለልክ ብቻ ነካ ነካ አርገህ በይደው አለኝ፣ በየድኩት። ከዚያ ለቡ የአንድ ሕንፃ በርና መስኮት ሥራ ላይ ላከኝ። ስመለስ ቀለም ተቀብቷል። 'ብረቱ መጣ?' ስለው 'መጥቶ ተገጥሟል፣ አንተ ሥራህን ሥራ' አለኝ።»

«እና ምን ያስጨንቅሃል? ይህንን ለውድድሩ ኮሚቴ ትናገራለህ።»

ኮፍያውን ማዞሩን ተወ። «ጋሽ ታደለማ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ተናግሯል። 'ሾፌሯ ማሸነፍ አሳብዷት፣ ከበያጁ ጋር ተመካክራ ከኋላዬ አስቀየረችው' ብሏል። ከሥራም አስወጥቶኛል።»

አላመንኩትም። ማቴዎስን «ውጣልኝ» አልኩት፤ ወጣ። ገና ከበሩ ሳይርቅ ስልኬ ጠራ። ሰርቪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀመጠው የሕፃን ኤልዳና እናት ነች። እግዜር ይማርሽ ካለችኝ በኋላ ድምጿ ቀጠነ። «ትዕግሥት፣ እንዳትቀየሚኝ… የመኪናውን ብረት ለማሸነፍ ብለሽ ያሳሳሽው አንቺ ነሽ ይላሉ። ዝም ብዬ ላምን አልፈልግም፤ ግን ልጅ ነው የምሰጥሽ። ለጊዜው ሌላ ሰርቪስ ይዘናል።»

ስልኩን ዘግቼ ማቴዎስን አስጠራሁት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት። ከዚህ በኋላ ጋሽ ታደለን አንቱ ማለቱን ልተወውና እንደ እኩያ ልጥራው። እሱ ያስገባኝ ለወንበር እንጂ ለሰው በማይሆን ብረት ውስጥ ነው። ደጋፊውን እንዳያጣ፣ ለቅሶ ቤት እንዳይሾፍበት ሲል። ሲጋለጥ ደግሞ የተሰበረውን ትከሻዬን ሳያይ ስሜን ሰበረው። ልጄ ይለኝ ነበር'ኮ!

ኮሚቴው የሁለታችንንም ቃል ሊሰማ ቀጠረ። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት፣ እኔ እጄ በፋሻ ታስሮ ቤት ከገባሁ በኋላ፣ ሽማግሌዎች መጡ። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ በላይና በሰፈሩ በዕድሜ ትልቁ አባባ ወልደየስ ናቸው፤ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተዋል። እናቴ ወንበር ስታቀርብ ጋሽ በላይ እጃቸውን አወናጨፉ።

«እሺ ካልተባልን አንቀመጥም። ለዕርቅ ነው የመጣነው።»

«ዕርቅ ከማን ጋር?» አልኩ።

«ከጋሽ ታደለ ጋር ነዋ። አየሽ ልጄ፣ የደረሰው ደርሷል። ኮሚቴው ፊት 'አውቅ ነበር' በይ። ቢበዛ ለትንሽ ጊዜ ከውድድር ያግዱሻል፤ መቼም በዚህ እጅሽ አትወዳደሪም። እሱ ከተቀጣ ግን ጋራዡ ስሙ ይጠፋል፤ የስንት ሠራተኛ ቤት ይዘጋል። የሕክምናሽን እሱ ይችላል፤ አባትሽ አይደለም እንዴ?»

«ማቴዎስስ?»

«እሱማ ወጣት ነው፣ ደግሞ የሩቅ አገር ሰው ነው። የትም ሄዶ ይሠራል።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ 'አውቅ ነበር' ካልኩ ማነው ልጁን ሰርቪሴ ላይ የሚያሳፍር? የእኔ ቤት ቤት አይደለም?»

«ሰው ይረሳል» አሉ።

«እንግዲያው የእሱንም ይርሱለታ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም፤ እነሱ እንደቆሙ፣ እኔ እንደተቀመጥኩ። እናቴ በሁለታችን መሀል ወንበር ይዛ ቀረች። ለእኔ ከዚያ በላይ የከፋ ነገር የለም፤ እናቴ እንግዳ ቆሞባት አታውቅም። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ልጄ፣ ዕድር ነው። ነገ የሚቀብረን እሱ ነው። ሄደሽ ስሚያቸው ብቻ» አለችኝ። ለእሷ ስል ቅዳሜ ዕድሩ ግቢ እመጣለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ጠላም ጠጡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ካፊያ ነበር። ማቴዎስንም ይዤው ሄድኩ፤ ማንም አልጠራውም። የዕድሩ ግቢ ውስጥ አግዳሚዎቹ የሚቀመጡበት፣ በዚያው ዓመት የተሠራ አዲስ ዳስ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ቋሚዎቹ አረንጓዴ የተቀቡ፣ ከላይ ጎበጥ ብለው የሚገናኙ ብረቶች። ሰው ሁሉ «የቤተ መንግሥት በር መሰለ» እያለ ሲያደንቀው ሰምቼ ነበር፤ ሥሩ ገብቼ ግን አላውቅም። ሽማግሌዎቹ፣ ታደለና እትዬ አስካለ ቀድመው ተቀምጠዋል። ለእኔ ጥግ ላይ ቦታ ተለቀቀልኝ።

ጋሽ በላይ ከአዳም ጀምረው ስለ ዕርቅ መናገር ያዙ። እኔ ትከሻዬ ስለጠዘጠዘኝ ባልተሰበረው ጎኔ ቋሚው ላይ ተደገፍኩ፤ ራሴንም አስጠጋሁ። ብረቱ ከላይ የጎበጠበትን ሳይ አንድ ነገር ሆነብኝ። ያንን ጉብጠት አውቀዋለሁ። ስንት እሑድ ከራሴ በላይ ያየሁት ጉብጠት ነው። ከታች ሌላ ብረት ቀጥለው አስረዝመውታል፤ የተቀጠለበት ብየዳ ይታያል። ዓይኔን ከዚያ ሽቅብ ስልክ፣ ከራሴ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በአረንጓዴው ቀለም ሥር ጭረቶች አየሁ። ቀለም ጭረት አይሞላም። አንዱ ከሌላው ሥር የተደረደሩ ትናንሽ መስቀሎች።

ጋሽ በላይ መሀል ላይ ነበሩ፤ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ዳስ የተሠራው መቼ ነው?»

የሚያስታርቁት ሰው ስለ ዳስ መጠየቁ ግራ ገባቸው፤ ነገር ግን የሚኮሩበት ነገር ስለሆነ መለሱ። «ከፋሲካ ወዲህ ነው። ብረቱን የለገሰን ራሱ ጋሽ ታደለ ነው። ወፍራም የውሃ ቧንቧ ብረት! በዛሬ ኑሮ ማነው እንዲህ ያለ ብረት የሚሰጥ? አየሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ?»

ታደለን አየሁት። ገና አልገባውም ነበር። ምስጋናውን ለመቀበል አንገቱን ሰበር አደረገ።

ከዚያ ገባው።

«አባባ» አልኳቸው አባባ ወልደየስን፣ «እባክዎ ይህንን በእጅዎ ይንኩልኝ።»

አባባ ዓይናቸው ደክሟል። ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ማቴዎስ ጣታቸውን ይዞ ቦታው ላይ አሳረፈላቸው። ዳሰሱት፣ ዝቅ አሉ፣ ደግሞ ዳሰሱ። «መስቀል ነው» አሉ። «ሌላም መስቀል። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ አባባ፣ በቤቴ ቁልፍ። በየውድድሩ በሰላም አውጣኝ እያልኩ። ይህ የሽሮ ቀፎ ነው። ከራሴ ላይ ተነሥቶ እዚህ የቆመ ብረት ነው።» ወደ እሱ ዞርኩ። «ታደለ፣ አንተ ነህ ያወጣኸው። አውጥተህ የወንበር እግር አስገባህልኝ። ብረቱን መጣል ደግሞ አሳዘነህ፤ ለዕድር ሰጥተህ ተመረቅህበት!»

አሁን ይፈርዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጋሽ በላይ አፋቸውን ከፈቱ።

«አንተ?» አሉኝ። «አንተ አልሽው? ያሳደገሽን ሰው?»

እመኑኝ፣ ያስደነገጣቸው ብረቱ አልነበረም። የወንበሩ እግር አልነበረም፣ በፋሻ የታሰረው እጄም አልነበረም። አንተ ማለቴ ነው!

ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቁራጭ ብረት ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ተርፎ የነበረ…» ሲል ማቴዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «እኔ ነኝ ያጎበጥኩት፣ ጋሼ። ከሽሮ ጣሪያ ጋር እያስተያየሁ።» ታደለ መሬት መሬት አየ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ከዚያ የሆነውን ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ። ጋሽ በላይ ተቀመጡና፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ «እሺ ልጄ፣ ገብቶናል። እሱም ሰው ነው፣ ተሳስቷል። እንግዲህ እውነቱን እኛ አውቀናል፤ እግዜርም አውቋል። ለኮሚቴው ግን የተባባልነውን በይ። ተነሺ፣ ጉልበቱን ሳሚ፣ እሱም ግንባርሽን ይስማል፤ እዚሁ ይለቅ» አሉ።

እውነቱን ካወቁ በኋላ! ጣታቸው መስቀሉን ከነካ በኋላ! ጉልበት የምስመው እኔ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እነዚህ ሰዎች ስላላወቁ ነው የበደሉኝ ብዬ ራሴን አጽናና ነበር። ለካ እውነቱ ቸግሯቸው አያውቅም። የቸገራቸው የእኔ ድምፅ ነበር።

«አልስምም» አልኩ። «ይቅርታ የሚጠይቀኝ እሱ ነው፤ የሚጠይቀኝም እዚህ ሳይሆን ኮሚቴው ፊት፣ ስሜን ባጠፋበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ከፈለጋችሁ እንታረቅ።» ካፊያው ውስጥ ወጣሁ። ማቴዎስ ተከተለኝ። ከኋላዬ «ዕድሩን ነው ያዋረደችው» ሲሉ ሰማሁ።

ከመንገድ ላይ ለአቶ ሳምሶን ደወልኩ። ሰውየው ጥያቄ አላበዛም፤ ግቢውን ጠይቆኝ መጣ። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይበተኑ በዳሱ ሥር ቆሞ ብረቱን ለካ፣ መስቀሎቹን ፎቶ አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ አመስግኖ ሄደ። ታደለ ሻይ ግብዣ ሲያቀርብለት «እኔ ሥራ ላይ ሻይ አልጠጣም» ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ለዚህች ቃል እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ኮሚቴው ማቴዎስንም እኔንም ሰማ። ቡድኑ ታገደ፤ ታደለም ከውድድሩ ተሰናበተ፤ ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ ያገኘነው ውጤት ሁሉ ተሰረዘ። የእኔም አብሮ ሄደ፤ ይሂድ። እኔና ማቴዎስ ከነገሩ ንጹሕ መሆናችን በደብዳቤ ተነገረን። ታደለ ይቅርታ አልጠየቀኝም። ጋራዡም አልተዘጋ፣ የማንም ቤት አልፈረሰ፤ ያ ሁሉ የሠራተኛ እንጀራ የተባለው ለእኔ ማስፈራሪያ ነበር። አሁንም መዋጮ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው፤ አሁንም ያጨበጭቡለታል።

የኤልዳና እናት ልጇን መልሳ ሰጠችኝ፤ አንዳንዶቹ ግን አልተመለሱም። ማቴዎስ ለቡ አካባቢ ከጓደኛው ጋር የራሱን ብየዳ ቤት ከፍቷል። እናቴን ደግሞ «እንግዲህ ዕድሩ አይቀብርሽም» ብዬ ስቀልድባት «ቢቀብሩኝም ባይቀብሩኝም ሞቼ አላየው! አንቺ ግን ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ነች።

መወዳደር አቁሜያለሁ። ውድድር በሚኖርበት እሑድ ግን አቶ ሳምሶን ሜዳው ላይ ይጠራኛል። መኪኖቹ ተሰልፈው ሲቆሙ በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንገቴን አስገብቼ ቀፎውን በቤቴ ቁልፍ መታ መታ አደርጋለሁ። ወፍራም ብረት ድምፁ ደፈን ይላል፤ ስስ ቱቦላሬ እንደ ጣሳ ይጮኻል። ያንን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ሾፌሮቹ «እሷ መጣች!» ብለው ይሳለቁብኛል። ይሳለቁ። በሰላም ወጥተው ይግቡልኝ እንጂ።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ዕርቅ እጠላለሁ እንዳትሉኝ። ሰው ተጣልቶ እንዲኖር አልፈልግም። ነገር ግን ሽማግሌ ቤታችሁ መጥቶ ሲቆም፣ ከመቀመጡ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፤ ወደ እኔ ከመምጣትህ በፊት እሱ ቤት ሄደህ ምን አልከው? የእኔዎቹ ታደለን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁት ነው ወደ እኔ የመጡት። በእኛ ሰፈር ዝም በል የሚባለው የጮኸው እንጂ ያስጮኸው አይደለም። እኔ በዚህ አልስማማም፤ እስክሞትም አልስማማም።

ዳሱ ዛሬም ቆሟል። ጋሽ በላይ ደገም አድርገው አስቀቡት፤ ቀለሙን ወፈር አድርገው። በቅርቡ የጎረቤት ሐዘን ደርሶ ከሥሩ ተቀመጥኩ። ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ጠብታ አልነካንም። ብረቱ ጠንካራ ነው። ታደለ ከማዶ ተቀምጦ ሰው ያስተዛዝናል። መስቀሎቼ ይኖሩ እንደሆነ ለማየት ተነሥቼ ወደ ቋሚው እጄን ሰደድኩ። ሳላስበው የሰደድኩት ግራውን ነበር። ከትከሻዬ በላይ አይወጣም፤ አልደረሰም።